የጨዋታው ሠሪ ማን ነው?

በአገራችን ልማድ አንድ መልካም ቅኔ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ነው?» ተብሎ ነው። ቅኔው የተዘረፈበት ደብር የቱንም ያህል ስሙ የገነነ ቢሆን፣ ሰው የሚያደንቀውና የሚያስታውሰው ባለቅኔውን ነው። ያማረ ጥበብ ለብሳ የወጣች እመቤትም ወዳጆቿ ሲያገኟት «ሸማኔሽ ማን ነው?» ይሏታል። ሸማኔው መንደሩን ቢለውጥ እንኳ ጥበቡን የወደደች ሴት አፈላልጋ ትደርስበታለች።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ፣ የ12 ዓመት ልጅ ብዙ ቀን የደከመበትን የቪዲዮ ጨዋታ ከፍጻሜ ሲያደርስ ተመለከትን። ጨዋታው እንዳለቀ በቴሌቪዥኑ ገጽ ላይ የብዙ ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ እየተከታተለ ይወጣ ጀመር፤ ልጁም አንዱን ስም እንኳ ሳያነብ ቍልፉን ተጭኖ አለፈው። አባቱ፣ «ይህን ያህል ቀን የተጫወትህበትን ነገር የሠራው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የኩባንያውን ስም ጠራ። አባትየውም ፈገግ ብሎ፣ «ኩባንያ እጅ አለውን?» አለው። ይህች አጭር ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነችን።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው የኩባንያውን ምልክት ነው። በሣጥኑ ላይ ጐልቶ የሚታየው እርሱ ነው፤ ማስታወቂያው የሚጠራውም ሻጩ የሚያመሰግነውም እርሱን ነው። ነገር ግን ምልክት አያስብም፤ ታሪክ አይደርስም፤ ሥዕል አይሥልም፤ ዜማም አያወጣም። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ደግሞ ከአንዱ ቤት ወጥተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቪዲዮ ጨዋታ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ቤተ ሰብ፣ ከኩባንያው ይልቅ ሠሪውን ሰው ዐውቆ ሥራውን መከተል እንደሚገባው፣ ከዚህም ጋራ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ከራሱ ከጨዋታው ታሪክ እየጠቀስን ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስሙን በስውር ክፍል የጻፈው ሰው

በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ከሁሉ በላይ የገነነው አታሪ የሚባለው ኩባንያ ነበር። ይህም ኩባንያ በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ለተባለ ታላቅ ድርጅት ተሸጦ ነበር። በዚያን ዘመን ለቤት የሚሆን አንድ ጨዋታ ከአሳቡ ጀምሮ እስከ ሥዕሉና እስከ ድምፁ ድረስ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ የሠሪው ስም በሣጥኑም ላይ ሆነ በመመሪያው ደብተር ውስጥ አይጻፍም ነበር። ገዢው የሚያውቀው አታሪን ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ዋረን ሮቢኔት የተባለ ወጣት ፕሮግራመር «አድቬንቸር» የሚባለውን ጨዋታ ሠራ። ተጫዋቹ በአንዲት አራት ማዕዘን ቅርጽ ተመስሎ፣ ሦስት ግንቦችን እያሰሰ፣ ከዘንዶዎች ጋራ እየታገለ፣ የጠፋውን ጽዋ ፈልጎ ወደ ወርቁ ግንብ ይመልሳል። ለዚህ ሁሉ የተፈቀደለት ቦታ 4 ኪሎባይት ብቻ ነበረ፤ ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ጋራ ቢነጻጸር ከቍጥር የማይገባ ነው። ጨዋታው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ሲሸጥ፣ ሮቢኔት ራሱ እንደ ተናገረው፣ ሠሪው የተቀበለው በዓመት 22,000 ዶላር ያህል የሆነውን ደመወዙን ብቻ ነው።

ሮቢኔት በአደባባይ የተከለከለውን በስውር አደረገው። ከሥፍራው ቀለም ጋራ ከመመሳሰሏ የተነሣ ዐይን የማያያት አንዲት ግራጫ ነጥብ በጨዋታው ውስጥ ደበቀ። ነጥቧን አግኝቶ ወደ ተገቢው ሥፍራ የወሰዳት ተጫዋች ወደ አንድ ስውር ክፍል ይገባል፤ በዚያም የጨዋታው ፈጣሪ ዋረን ሮቢኔት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያነባል። ለአለቆቹ ምንም ሳይናገር በ1979 ከኩባንያው ወጣ። በኋላም በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ከተማ የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለአታሪ በደብዳቤ አስታወቀ። ኩባንያው ስሙን ለማጥፋት ቢያስብም፣ ካርትሪጁን እንደ ገና ማሠራት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ እንዳለ ተወው። እንዲያውም ከአለቆቹ አንዱ ነገሩን ምዕራባውያን በፋሲካ ቀን ልጆች ፈልገው እንዲያገኙት ከሚደብቁት ዕንቍላል ጋራ ስላመሳሰለው፣ እንዲህ ያለው ስውር ነገር በሙያው ዘንድ እስከ ዛሬ «የፋሲካ ዕንቍላል» እየተባለ ይጠራል።

በዚያን ጊዜ አታሪን ትቶ ሮቢኔትን የተከተለ ወላጅ ቢኖር ምን ያገኝ ነበር? ሮቢኔት በ1980 ከሌሎች ባልደረቦች ጋራ ሆኖ ለርኒንግ ካምፓኒ የተባለውን ለልጆች ትምህርት የሚያገለግል ድርጅት አቋቋመ። በ1982ም ከሌስሊ ግሪም ጋራ «ሮኪስ ቡትስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ በዚህም ልጆች የኮምፒዩተርን የውስጥ መስመሮች በገጹ ላይ እየቀጠሉ፣ መሣሪያው «አዎን» እና «አይደለም» በሚሉ ሁለት መልሶች ብቻ እንዴት እንደሚሠራ እየተጫወቱ ይማሩ ነበር። የዘንዶውን ግንብ የሠራው አእምሮ ለልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ ማለት ነው፤ የአታሪን ምልክት ብቻ የሚያይ ገዢ ግን ይህን ለማወቅ አይችልም ነበር።

አራቱ ሰዎች

በዚያው በ1979 ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ዋይትሄድ የተባሉ አራት የአታሪ ፕሮግራመሮች አንድ ነገር አስተዋሉ። ክሬን በኋላ እንደ ተረከው፣ ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሸጠው 100 ሚሊዮን ዶላር ከሚያወጣው ጨዋታ 60 ከመቶ የሚሆነው የእነርሱ የአራቱ እጅ ሥራ ነበር። ወደ ኩባንያው ዋና አለቃ ወደ ሬይ ካሳር ቀርበው ስማቸው እንዲታወቅና ከትርፉም ጥቂት ድርሻ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። አለቃው ግን ጨዋታውን በፋብሪካ ከሚገጣጥሙት ሠራተኞች የሚበልጥ ዋጋ እንደሌላቸው ነግሮ መለሳቸው።

እኛ የፋብሪካውን ሠራተኛ የምንንቅ አይደለንም፤ የእርሱም ድካም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ድርሰትን ከደረሰው ሰው ለይቶ እንደ ጡብ መቍጠር ለሁለቱም ሠራተኞች ክብር አይሆንም። አራቱ ሰዎች ከአታሪ ወጥተው ከጂም ሌቪ ጋራ አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ይህ ቤት ለሌላ ኩባንያ መሣሪያ ጨዋታ በማሳተም የመጀመሪያው ነበር። አታሪ በ1980 ቢከሳቸውም ጉዳዩ በ1982 በስምምነት አለቀ። አክቲቪዥን የሠሪውን ስም በሣጥኑ ላይ፣ ፎቶግራፉንም በመመሪያው ደብተር ውስጥ ያትም ጀመር፤ ሠሪውም ለተጫዋቹ በራሱ ቃል ምክር ይጽፍለት ነበር። ክሬን በ1982 ያወጣው «ፒትፎል» ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ስምን መጻፍ ለሠሪው ክብር፣ ለኩባንያውም ጥቅም መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ስም ከሣጥን ሲነሣ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳይባል፣ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ጃፓናዊው ሂዴኦ ኮጂማ በ1986 ኮናሚ በተባለ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በ1987 «ሜታል ጊር» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በጊዜው ሌሎች ጨዋታዎች ጠላትን ፊት ለፊት መግጠምን ሲያስተምሩ፣ የእርሱ ጨዋታ ተሸሽጎ ማለፍን ዋና ብልኀት አደረገ። በ1998 «ሜታል ጊር ሶሊድ» ሲወጣ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የኮጂማ ጨዋታ መሆኑ በሣጥኑ ላይ እየተጻፈ ይሸጥ ነበር።

በ2015 በኮጂማና በኮናሚ መካከል አለመግባባት ተነሣ፤ በዚያ ዓመት በመስከረም ወር መጀመሪያ ከወጣው ከአምስተኛው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ሣጥን ላይም ስሙ ተነሣ። ጨዋታው በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ በተደረገ ታላቅ የሽልማት በዓል ሲሸለም ሠሪው አልተገኘም፤ የኮናሚ ጠበቃ እንዳይሄድ እንደ ከለከለው የበዓሉ መሪ ከመድረክ ላይ ለሕዝብ ተናገረ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ስሙ ከሣጥኑ ውጭ ቢነሣም በጨዋታው ውስጥ በየምዕራፉ ከባልደረቦቹ ስም ጋራ ይነበብ ነበር። የሮቢኔት ስውር ክፍል ከ36 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ እንደ ተመለሰ ይቈጠራል።

ኮጂማ በዚያው ወር ከኮናሚ ወጥቶ የራሱን ቤት አቋቋመ። ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋራ የሠራው ሠዓሊ ዮጂ ሺንካዋም ተከተለው። ኮናሚ ግን የጨዋታው ስም ባለቤት ስለ ሆነ፣ በ2018 «ሜታል ጊር ሰርቫይቭ» የተባለ ሌላ ጨዋታ በዚሁ ስም አወጣ፤ ተጫዋቾችም እንደ ቀደሙት አልተቀበሉትም። በ2019 ኮጂማ «ዴዝ ስትራንዲንግ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ፤ በዚህም ተጫዋቹ ዕቃ ተሸክሞ ተራራና ወንዝ እያቋረጠ፣ እርስ በርሳቸው የተለያዩትን ከተሞች መልሶ ያገናኛል። ሁለተኛው ክፍልም በ2025 ወጥቷል። እንግዲህ ከሁለቱ የቀድሞውን ጨዋታ መንፈስ የያዘው የትኛው ነው? ስሙ የቀረው በኮናሚ ዘንድ ነበር፤ አሳቡ ግን ከሰውየው ጋራ ሄዷል።

ሰዎቹ ሲወጡ ምልክቱ ይቀራል

የሠሪን ስም በማክበር የተጀመረው አክቲቪዥንም ከዓመታት በኋላ በተራው ተከሳሽ ሆነ። በ2002 «ሜዳል ኦቭ ኦነር» ከተባለው የጦርነት ጨዋታ ሠሪዎች መካከል ጄሰን ዌስትና ቪንስ ዛምፔላ ከሌሎች ጋራ ወጥተው ኢንፊኒቲ ዋርድ የተባለውን ቤት መሠረቱ። በ2003ም በአክቲቪዥን አሳታሚነት «ኮል ኦቭ ዲዩቲ»ን አወጡ፤ ይህም በንግዱ ዓለም እጅግ ብዙ ገንዘብ ካስገኙት ጨዋታዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በመጋቢት 2010 ግን ኩባንያው ሁለቱን ሰዎች ከሥራ አሰናበታቸው፤ ክርክሩም በ2012 በስምምነት አለቀ። እነርሱ ሪስፖን የተባለ ሌላ ቤት ሲያቋቁሙ ብዙ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ተከተሏቸው። ከዚያም ቤት በ2014 «ታይታንፎል»፣ በ2019 «ኤፔክስ ሌጀንድስ» ወጡ። ምልክቱን ብቻ የሚያይ ሰው እነዚህን የማይዛመዱ ሦስት ቤቶች አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ ሰዎቹን የሚያይ ግን የአንድ ወንዝ ሦስት ፏፏቴ መሆናቸውን ያስተውላል።

ምልክቱም ራሱ ሁልጊዜ ዋስትና የለውም። ታንጎ ጌምወርክስ የተባለው የጃፓን ቤት በ2023 «ሃይ ፋይ ረሽ» የተባለውን ጨዋታ አውጥቶ ብዙ ምስጋና አግኝቶ ነበር። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ግን በግንቦት 2024 ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ክራፍቶን የተባለ የኮሪያ ኩባንያ እስኪያነሣው ድረስ ሠራተኞቹ ተጨንቀው ቈዩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን ለማሰናበት ወስኖ ነበር። እነዚህ ሁሉ ቤት ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሠራተኛ ሥራው ምስክር ስለሚሆነው ሌላ በር ሊከፈትለት ይችላል፤ ስሙ ያልተጻፈለት ግን የደከመበትን ነገር የእኔ ነው ብሎ ለማስረዳት እንኳ ይቸገራል። የስም ነገር የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ የሩስያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እርሱ በ1984 በሞስኮ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒዩተር ማእከል ሲሠራ «ቴትሪስ»ን ፈጠረ። የሽያጩ መብት ግን የመንግሥት ስለ ነበረ፣ ጨዋታው በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ፣ ለኒንቴንዶ ጌም ቦይ ብቻ ወደ 35 ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ፣ ፈጣሪው ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። ድርሻውን መቀበል የጀመረው በ1996 ነው።

ስምም ያሳስታል

እስከ አሁን የተናገርነው እውነት ቢሆንም፣ ወደ ሌላው ወገን አዘንብለን ታላቅ ስም ባየንበት ሁሉ ዐይናችንን ጨፍነን እንከተል ማለት አይደለም። ኬጂ ኢናፉኔ የተባለው ጃፓናዊ «ሜጋ ማን» በተባለው ጨዋታ ስሙ የታወቀ ነው። በ2010 ካፕኮም ከተባለው ኩባንያ ከወጣ በኋላ፣ በ2013 አዲስ ጨዋታ እሠራለሁ ብሎ ከወዳጆቹ ተጫዋቾች ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመዋጮ ሰበሰበ። ጨዋታው ከብዙ መዘግየት በኋላ በ2016 ሲወጣ ብዙዎቹን አሳዘነ። ከዚህም በላይ፣ በ1987 የወጣውን የመጀመሪያውን «ሜጋ ማን» በዋናነት የመራው አኪራ ኪታሙራ እንደ ነበር ኢናፉኔ ራሱ መስክሯል፤ ሕዝቡ ግን ለብዙ ዘመን ምስጋናውን ለኢናፉኔ ብቻ ይሰጥ ነበር። የአንድ ሰው ስም ሲገንን የሌላው ሰው ስም በጥላው ሥር ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በአንጻሩ ኮጂ ኢጋራሺ በ2014 ከኮናሚ ወጥቶ፣ በ2015 በተመሳሳይ መንገድ ከ5.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የእርሱም ሥራ «ብለድስቴይንድ» ቢዘገይ እንኳ በ2019 ወጥቶ ገንዘባቸውን የሰጡትን ሰዎች አስደሰተ። ሁለቱም ታላቅ ስም ነበራቸው፤ ሁለቱም ከታላቅ ቤት ወጡ፤ ፍሬያቸው ግን ተለያየ። ስለዚህ ስም መንገድ ያመለክታል እንጂ ስለ ሥራው ራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ደግሞም የዛሬ ታላላቅ ጨዋታዎች የመቶዎች፣ አንዳንዴም የሺሕ ሰዎች ድካም ናቸው። በሣጥኑ ላይ የሲድ ሜየር ስም ብቻ ጐልቶ የሚታየው የ1991ዱ «ሲቪላይዜሽን» እንኳ ብሩስ ሼሊ አብሮ የደከመበት ነው። በ2011 «ኤል ኤ ኗር» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ ስማቸው የተዘለለ ወይም የተሳሳተ ከ100 የሚበልጡ ሠራተኞች መኖራቸውን የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ገለጡ። በ2021 «ሜትሮይድ ድሬድ» በወጣ ጊዜም ቤቱ ከሥራው ዘመን ሩብ ያህል ያልሠራ ሰው ስሙ አይጻፍም የሚል ደንብ እንደ ነበረው ታውቋል። ሠሪውን እንከተል ስንል እንግዲህ የአለቃውን ብቻ ሳይሆን የሠዓሊውን፣ የዜማ ደራሲውንና የታሪክ ጸሓፊውንም ስም ማለታችን ነው።

ለወላጆች

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚቻለውን በአጭሩ እናመልክት።

መጀመሪያ፤ ልጁ ጨዋታውን ሲፈጽም የስሞቹ ዝርዝር እንዲያልፍ ይተወው፤ ከዚያም ውስጥ የወደደውን ነገር የሠራውን የአንድ ሰው ስም በደብተሩ ይጻፍ። ዜማው ደስ ካሰኘው የዜማ ደራሲውን፣ ሥዕሉ ከማረከው ሠዓሊውን ይያዝ።

ሁለተኛ፤ ያ ሰው ከዚህ በፊት ምን እንደ ሠራ፣ አሁንስ ወዴት እንደ ሄደ ይጠይቅ። የታወቀ ጨዋታ ተከታይ ክፍል ሲወጣ፣ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች በዚያ ቤት መኖራቸውን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አያውጣ። ለዘወትር ግን ሠሪው ሁልጊዜ ከኩባንያው ይለያል ማለት አይደለም፤ ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1977 ኒንቴንዶ ገብቶ፣ በ1981 «ዶንኪ ኮንግ»ን፣ በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን ሠርቶ፣ ዘመኑን በዚያው ቤት አሳልፏል።

ሦስተኛ፤ የሠሪው ታላቅነት ጨዋታው ለሕፃን ተገቢ መሆኑን አያመለክትም። ከኮጂማና ከ«ኮል ኦቭ ዲዩቲ» ጨዋታዎች ብዙዎቹ ለዐዋቂዎች የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ምልክት ወላጅ ራሱ ያንብብ። ለቤተ ሰብ የሚስማማ ሥራ ለሚሻ፣ ኤሪክ ባሮን የተባለው ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ደክሞ በ2016 ያወጣው «ስታርዱ ቫሊ» አለ። ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን እርሻ አርሶ፣ ከብት አርብቶ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋራ ይወዳጃል። ሥዕሉም ዜማውም ጽሑፉም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው፤ ከ40 ሚሊዮን በላይም ተሸጧል።

የእነዚህ ምክሮች ትልቁ ጥቅም ገንዘብን ከብክነት ማዳን ብቻ አይደለም። ጨዋታን ከሱቅ እንደ ወጣ ዕቃ ብቻ የሚያይ ልጅ ተገልጋይ ሆኖ ይቀራል። ከጨዋታው በስተኋላ እንደ እርሱ እናትና አባት ያለው፣ ሌሊት የነቃ፣ የተሳሳተና ያረመ ሰው እንዳለ የተረዳ ልጅ ግን ሁለት ነገር ያተርፋል፤ የሌላውን ድካም ማመስገንን ይማራል፤ «እኔስ ብሞክር?» የሚል አሳብም በልቡ ያድራል።

ያ በእንግድነት ያገኘነው ልጅ በማግሥቱ ጨዋታውን እንደ ገና ከፍቶ ስሞቹን እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ተመለከተ አባቱ ነግሮናል። ዜማውን የደረሰው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስደንቆት፣ ሌላ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ መፈለግ ጀምሯል።